ቁልፉ የጠፋበት በር

ባለፈው ዓመት በምዝገባ ሰሞን አንዲት እናት ከመስኮቴ ፊት ቆሙ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አብሯቸው የመጣው ልጅ የገቢ ቅጹን ሞልቶ አቀበለኝ። ገንዘቡ የሚገባው ለአንድ የግል የጤና ኮሌጅ ሒሳብ ነበር። ቆጥሬ ስጨርስ እናትየዋ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አንተ ብዙ ሰው ሲከፍል ታያለህ፤ ይሄ ትምህርት ቤት ደህና ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እማማ፣ እኔ የማውቀው የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ነው» አልኳቸው። ማኅተሙን መታሁ፤ ደረሰኙን ሰጠኋቸው፤ ባለተራውን ጠራሁ።

ጥያቄያቸው ግን ከሥራ ሰዓት በኋላም አልለቀቀኝም። ትምህርት ቤት ደህና መሆኑን ማን ያውቃል? የሚከፍለው አያውቅም። የሚማረውም ቢሆን የሚያውቀው ተመርቆ ከወጣ በኋላ ነው። ትምህርቱ ሕክምና ሲሆን ደግሞ ጉድለቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው በሽተኛው ነው፤ እሱም ለመናገር ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ገብቶ፣ አይቶና ቆጥሮ ያየውን የሚናገር ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ በየአገሩ ገምጋሚ፣ መርማሪ፣ የጥራት ባለሙያ እየተባለ ይጠራል። ለዚህ ሙያ አባት ፈልጉ ቢባል ብዙዎች የሚጠሩት አንድ ስም አለ፤ አብርሃም ፍሌክስነር። ውድ አንባቢያን፣ የዚህን ሰው ታሪክ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ግን ላወድሰው ብቻ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሌክስነር በ1866 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከአውሮፓ የፈለሱ አይሁድ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ዘጠኝ፣ ንግዳቸው የከሰረ። ትልቅ ወንድሙ ያዕቆብ መድኃኒት ቤት ነበረው፤ ከዚያ ባጠራቀመው ገንዘብ ታናሹን ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ላከው። አብርሃም የመጀመሪያ ዲግሪውን በሁለት ዓመት ጨርሶ በ1886 ወደ ከተማው ተመለሰ፤ መምህር ሆነ፤ ቆይቶም የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያ ትምህርት ቤት ፈተና የሚባል፣ የነጥብ መዝገብ የሚባል አልነበረም። የአንድን አህጉር የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ መስፈርት ሊመዝን የተነሣው ሰው፣ የገዛ ተማሪዎቹን በነጥብ መመዘን የማይወድ ነበር።

ሐኪም አልነበረም። በ1908 ስለ አሜሪካ ኮሌጆች አንድ ነቀፋ የበዛበት መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን ያነበበው የካርኔጊ ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት ሄንሪ ፕሪቸት ጠርቶ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን እንዲመረምር ሲጠይቀው ፍሌክስነር ደነገጠ። ከወንድሞቹ አንዱ ስምዖን ፍሌክስነር በኒው ዮርክ የታወቀው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ኃላፊ ነበርና፣ ሰውየው እኔን ከወንድሜ ጋር አምታታኝ ብሎ አሰበ። ፕሪቸት ግን አላምታታም። ይህን ሥራ የትምህርት ሰው ይሥራው እንጂ የሕክምና ሰው አይሥራው የሚል አቋም ነበረው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1904 የሕክምና ትምህርት ምክር ቤት አቋቁሞ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ ሰዎች ትምህርት ቤቶቹን አስጎብኝቶ ነበር። ከ160 ትምህርት ቤቶች ደህና ናቸው የተባሉት 82 ብቻ ሲሆኑ፣ 32ቱ ተስፋ የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ዝርዝሩ ግን ለሕዝብ አልወጣም። ሐኪም ሐኪምን በአደባባይ መንቀፍ በሙያው ደንብ ነውር ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ የሚያውቀውን እውነት የሚናገርለት፣ ነጭ ጋዋን ያለበሰ አፍ ፈለገ። በጉዞው ብዙ ጊዜ አብሮት የነበረው ናታን ኮልዌልም የዚሁ ምክር ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ይህ ግንኙነት ግን ጎልቶ እንዳይነገር ተደረገ። ይህን ሳነብ ትንሽ ቅር አለኝ። እውነት ለመናገር የተላከ ሰው፣ ማን አብሮት እንደተጓዘም አብሮ ቢነገር ምን ነበረበት?

የዘመኑን የሕክምና ትምህርት ቤት ዛሬ ማሰብ ይከብዳል። ጥቂት ሐኪሞች ተሰባስበው አንድ ፎቅ ይከራያሉ፤ ወንበር ያስገባሉ፤ ማስታወቂያ ያወጣሉ። የተማሪው ክፍያ በመምህራኑ መካከል ይከፋፈላል። ንግግር ይሰማል፣ ይጻፋል፣ ይሸመደዳል። ብዙ ተማሪ በሽተኛን በቅርብ ሳይነካ ሐኪም ተብሎ ይወጣል። ፍሌክስነር ካያቸው 155 ትምህርት ቤቶች መካከል ተማሪ ሲቀበሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት የሚጠይቁት 16 ብቻ ነበሩ። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃን እንኳ በቅጡ አይጠይቁም፤ ክፍያው ከመጣ ተማሪውም መጣ ነው። አገሪቱ የሐኪም ቁጥር አላነሳትም፤ በእሱ ስሌት ለ568 ሰው አንድ ሐኪም ነበር። የጎደላት የሐኪም ዕውቀት ነው።

በ1909 መጀመሪያ ጉዞ ጀመረ። በባቡር ከከተማ ከተማ፣ ከአሜሪካ እስከ ካናዳ። በየደረሰበት የሚጠይቃቸው ጉዳዮች አምስት ብቻ ነበሩ፦ ተማሪ በምን ትገባለህ ተብሎ ይጠየቃል? መምህራኑ ስንት ናቸው፣ ምንስ ተምረዋል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቤተ ሙከራው ምን አለው? ተማሪዎቹ የሚማሩበት ሆስፒታል አለ ወይ? ይህን ለማወቅ ብዙ ቀን አያስፈልግም፤ ጥቂት ሰዓት ይበቃል ይል ነበር። የተቀበላቸውን ተማሪዎች ፋይል ከቢሮው መሳቢያ አውጥቶ ያያል፤ በማስታወቂያው ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

በራሱ የሕይወት ታሪክ ካተታቸው ገጠመኞች አንዱን እኔ አልረሳውም። በዴሞይን ከተማ፣ አዮዋ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ዲን ሕንፃውን ያስጎበኘዋል። በየበሩ ላይ «አናቶሚ»፣ «ፊዚዮሎጂ»፣ «ፓቶሎጂ» የሚል ጽሑፍ በደንብ ተለጥፏል። በሮቹ ግን ሁሉም ተቆልፈዋል። ቁልፉን የያዘው የሕንፃው ጠባቂ ደግሞ በዚያን ሰዓት አልተገኘም። ፍሌክስነር በትሕትና አመስግኖ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደ። ዲኑ ተሰናብቶት ሲመለስ እሱም ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ጠባቂውን ፈልጎ አገኘው፤ አምስት ዶላር ሰጠው፤ በሮቹም ተከፈቱ። በእያንዳንዱ ክፍል ያለው ዕቃ አንድ ዓይነት ነበር፤ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ፣ ወንበሮች። ሌላ ምንም የለም።

በሌላ ቦታ ደግሞ፣ በምዕራቡ ጠረፍ፣ የፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ አላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ዲኑ አዎን አለን፣ ላምጣልህ ብሎ ወደ ፎቅ ወጣ። ይዞት የወረደው የልብ ምት የሚመዘግብ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነበረች። ቤተ ሙከራው በአንድ እጅ ተይዞ ደረጃ ወረደ።

ስለዚያ የሕንፃ ጠባቂ ግጥም ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። አምስት ዶላሩን ብቻ እያሰብኩ ቀረሁ።

በባንክ ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህ በር እንግዳ አይሆንብንም። በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በአንድ ቅርንጫፍ፣ መርማሪዎች ሁለት ጊዜ መጡ። የመጀመሪያዎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት በደብዳቤ አሳውቀው ነበርና ግድግዳው ተቀባ፣ ፋይሉ በቁጥር ተደረደረ፤ ቡና ጠጥተው ፈርመው ሄዱ። ሁለተኛው ብቻውን፣ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ሳይነግረን መጣ። ወደ ብር ኖቱ አልሄደም። በካዝናው ጥግ ለዓመታት ያልተነኩትን የሳንቲም ከረጢቶች አስወጣና «ፍቱልኝ» አለ። በከረጢቱ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው አልገጠመም። ትክክል ነበር፤ ከእሱ በፊት የመጡት ሁሉ ያነበቡት ጽሑፉን ብቻ ነው። ጉድለቱን የከፈለው ግን ከረጢቶቹን ሳይቆጥር በፊርማ የተረከበው የሁላችንም ታናሽ የሆነው ገንዘብ ያዥ ነበር። ያስረከቡት እሱ ከመቀጠሩ በፊት ተዛውረው ነበር።

ወደ ፍሌክስነር እንመለስ። ዲኖቹ በራቸውን ለዚህ የማይታወቅ መምህር የከፈቱት ለምንድን ነው? ካርኔጊ የሚለውን ስም ሰምተው ነው። አንድሩ ካርኔጊ ሀብቱን እየመጸወተ የነበረበት ዘመን ነበርና፣ ጉድለታችንን ካየ ገንዘብ ይልክልናል ብለው ተስፋ አደረጉ። ጉድለታቸውን ራሳቸው ቆጥረው ነገሩት። የላከላቸው ግን ገንዘብ ሳይሆን መጽሐፍ ነበር።

በ1910 ሪፖርቱ ወጣ። 155ቱም ትምህርት ቤቶች በስማቸው፣ በከተማቸው፣ በተማሪ ብዛታቸው፣ በገቢያቸው ተጽፈዋል። ቋንቋው ምሕረት የለውም። ቺካጎን በሕክምና ትምህርት የአገሪቱ የወረርሽኝ ምንጭ ናት ብሎ ጻፈ። ለመላው አገር የሚበቁት 31 ትምህርት ቤቶች ናቸው አለ። በስም ማጥፋት በ150 ሺህ ዶላር ተከሰሰ፤ ቺካጎ ብትመጣ ትገደላለህ የሚል ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰው። ሄደ፤ ንግግሩን አደረገ፤ በደህና ተመለሰ። ደካሞቹ ትምህርት ቤቶች መዘጋት የጀመሩት ከሪፖርቱ በፊት ነበር፤ የግዛቶች የፈቃድ ሰጪ ቦርዶችም ሕጋቸውን እያጠበቁ ነበር። ከሪፖርቱ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ተዋሐዱ፣ ሌሎቹ ጠፉ፤ በ1920 የቀሩት 85 ያህል ነበሩ። ቆየት ብሎ ፍሌክስነር ራሱ ወደ ሮክፌለር የትምህርት ቦርድ ገብቶ፣ ለተመረጡት ትምህርት ቤቶች የሚሊዮኖች ዶላር ዕርዳታ ሲከፋፈል ብርቱ እጅ ነበረው። ፈራጁ ገንዘብ ያዥም ሆነ ማለት ነው። (በ1930 በፕሪንስተን የከፍተኛ ጥናት ተቋምን መሥርቶ አይንስታይንን ያስቀጠረውም እሱ ነው፤ ይህ ግን ሌላ ታሪክ ነው።)

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የጀግና ታሪክ ነው። ለረጅም ዘመን የተነገረውም እንዲሁ ነበር።

በሪፖርቱ ውስጥ ግን አንድ ምዕራፍ አለ፤ አሥራ አራተኛው። ከሦስት መቶ ገጽ በላይ ካለው መጽሐፍ ወደ ሁለት ገጽ ብቻ ይዟል። የሚናገረው ስለ ጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ተማሪን የሚቀበል የነጮች የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በሰሜንም ቢሆን የሚቀበሉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለአሥር ሚሊዮን ሕዝብ ሐኪም የሚያፈሩት ሰባት የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ናቸው። ፍሌክስነር ከሰባቱ ሁለቱ ይጠናከሩ አለ፤ በዋሺንግተን የሚገኘው ሃዋርድ እና በናሽቪል የሚገኘው ሜሃሪ። አምስቱን አይረቡም አለ። ስለ ጥቁር ሐኪም ያቀረበው ምክንያትም ለመስማት ይከብዳል። ጥቁሩ ሕዝብ ከነጩ ጎን ይኖራልና፣ የመንጠቆ ትልና የሳንባ ነቀርሳ ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር ንጽሕና የሚያስተምሩ ሐኪሞች ያስፈልጉታል የሚል ነበር። ጥቁሩ ለራሱ መዳኑም ተነሥቷል፤ አጥብቆ የተከራከረበት ግን ይህኛው ነው።

አምስቱ ተራ በተራ ተዘጉ። ኖክስቪል በ1910፣ የኒው ኦርሊንሱ ፍሊንት በ1911። የሉዊቪል ብሔራዊ የሕክምና ኮሌጅ በ1912 ተዘጋ፤ ይህ ፍሌክስነር በተወለደበት ከተማ ሄንሪ ፊትዝበትለር የተባለ ጥቁር ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር በ1888 ያቆመው ነበር። በራሌ ከተማ የነበረው ሌናርድ በ1918 ተዘጋ፤ የአራት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ከጀመሩት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበር። የመጨረሻው፣ የሜምፊሱ የምዕራብ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ፣ እስከ 1923 ታገለ።

ፍሌክስነር ዋሸ ለማለት አልችልም። ቤተ ሙከራቸው ባዶ ነበር፤ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ከረጢቱ በእውነት ጎደሎ ነበር። ያልጠየቀው ግን ከረጢቱን ማን እንዲህ አድርጎ አስረከባቸው የሚለውን ነው። ከባርነት ነፃ ከወጡ አርባ ዓመት በጥቂቱ ያለፋቸው፣ የከተማው ሆስፒታል በር የማይከፈትላቸው፣ ባለጠጋ ውርስ የማይተውላቸው ሰዎች ያቆሟቸው ቤቶች፣ ጆንስ ሆፕኪንስ በቆመበት ሚዛን ላይ ወጡ። ከአምስቱ ጥያቄዎቹ አንዱም «ይህ ቤት ቢዘጋ የዚህን ሰፈር በሽተኛ ማን ያያል?» አይልም። የነጮቹ ደካማ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ በሽተኛውም ሌላ ሐኪም ያገኛል። የሌናርድ ተማሪ የት ይሂድ? በ2020 የታተመ አንድ ጥናት አምስቱ ትምህርት ቤቶች ቢቀጥሉ ኖሮ ባለፈው መቶ ዓመት ከሠላሳ ሺህ በላይ ተጨማሪ ሐኪሞችን ሊያስመርቁ ይችሉ ነበር ሲል ገምቷል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በፍሌክስነር ስም ይሰጥ ከነበረው ታላቅ ሽልማት ላይ ስሙን አነሣ። ፍሌክስነር በ1959 በዘጠና ሁለት ዓመቱ ዐርፏልና ይህን አላየም።

ከተረፉት ሁለቱ አንዱ ወደ እኛ አገርም ዘልቋል። ሃዋርድ ከፍሌክስነር ብዕር ያመለጠው በዋናነት የፍሪድመንስ ሆስፒታል ከጎኑ ስለነበረ ነው፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ጥቁሮች የተቋቋመ፣ መንግሥት የሚደግፈው ሆስፒታል። በዚህ ትምህርት ቤት ከተማሩት መካከል አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ህንድ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ በኦሃዮ ኮሌጅ ተምረው ሕክምናውን በሃዋርድ አጠኑ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ አገራቸው የተመለሱት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተልከው፣ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣ አሳተሙ፤ ጥቁር አሜሪካውያንን ለአገራችን ነፃነት አስተባበሩ። በ1940 በአርባ ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ። ነፃነቱን ሊያዩ አንድ ዓመት ቀራቸው።

ዶክተር መላኩን በዋሺንግተን ያስተማሯቸውና አብረዋቸው የተማሩት ጥቁር ሐኪሞች፣ በኋላም ስለ ኢትዮጵያ ሲናገሩ ይሰሟቸው የነበሩት ሕዝብ ሐኪሞች፣ በአብዛኛው ከሁለት በር የወጡ ነበሩ ማለት ይቻላል። በሜምፊስ፣ በራሌ፣ በሉዊቪል የተዘጉት አምስት በሮች ሌላ ስንት መላኩ ይቀበሉ እንደነበር የሚቆጥር መዝገብ የለም። እኔም ይህን ሳስብ ፍሌክስነርን መውደድም መጥላትም ያቅተኛል። በዴሞይኑ በር ፊት ብቆም እንደ እሱ መሆን እመኛለሁ። በሌናርድ በር ፊት ግን ሌላ ሰው አብሮት እንዲቆም እመኛለሁ፤ ቢያንስ አንድ የራሌ በሽተኛ።

ያቺ እናት በጥር ሁለተኛውን ክፍያ ይዘው ተመለሱ። ልጁም አብሯቸው ነበር። ቅጹን ሲያቀብለኝ ድፍረት አግኝቼ «ቤተ ሙከራ አላችሁ?» አልኩት።

«አለን ጋሼ» አለኝ፣ ፊቱ እየበራ። «አራት ማይክሮስኮፕ አለን። ስልሳ ነን፤ በተራ እናያለን።»

አራት ለስልሳ። ጥሩ ነው ልበል ወይስ መጥፎ አላወቅሁም። ኮሌጁ ነገ ቢዘጋ ይህ ልጅ ወዴት እንደሚሄድም አላወቅሁም። እናቱ መሐረባቸውን ፈትተው ገንዘቡን በመስኮቱ አሾለኩልኝ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ልክ ነበር።